ዳቦውን አያቋርጡ

ዘቢደርን ሽፍታው የጀመራት ክርኗ ላይ ነው። ትኋን የነከሳት መስሏት ፍራሿን ገልብጣ አየች፤ ምንም የለም። በኢተያ ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ ትኋን ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ጉልበቷ ላይ ወጣ፣ ቀጥሎ ወገቧ ላይ፣ ቀጥሎ ማጅራቷ ላይ ፀጉሯ ሥር። ምስር የሚያካክሉ፣ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ናቸው። በሁለቱም ክርኖቿ ላይ እኩል ይወጣሉ። ስታካቸው ይፈነዳሉ፤ ሲፈነዱ ያቃጥሏታል፤ ማቃጠሉ በረድ ሲል እንደገና ያሳክኳታል።

ዘቢደር ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ሥራዋ ከክፍሏ ሳትወጣ፣ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን፣ በአርሲ ሜዳ ላይ ስንዴ የሚያጭዱትን ሹፌር አልባ ኮምባይነሮች መጠበቅ ነው። አንዱ ጭቃ ሲይዘው ወይም መንገዱ ላይ ከብት ሲተኛበት ታቆመዋለች፣ ታዞረዋለች፣ መልሳ ታስነሣዋለች። ኮምባይነሮቹ አይናገሩም። አለቃዋም ሰው አይደለም።

እንደ ከተማው ሕንፃዎች ሁሉ እሷ የምትኖርበት ሕንፃ ቤቶችም ማድቤት የላቸውም። ነዋሪው የሚበላው እታች ባለው ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ገበታ ቤት ይሉታል። ረጅም ጠረጴዛ፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በየመሃሉ ትልልቅ ሳህን ወጥ፣ በየሳህኑ ዙሪያ የስንዴ ዳቦ። ጤፍ ለውጭ ገበያ ብቻ የሚዘራ እህል ከሆነ ወዲህ ኢተያ ውስጥ እንጀራ የሚበላ የለም፤ ልጆች ጤፍን የሚያውቁት በስሙ ነው። ዳቦ ግን እንደ ልብ ነው። የፈለገ የፈለገውን ያህል ይበላል። ዘቢደርም ቀኑን ሙሉ ከማይናገሩ ማሽኖች ጋር ውላ ሰው የምታየው፣ የምታወራው፣ የምትስቀው እዚያ ገበታ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ለምሳ ስትወርድ በሩ አስቆማት። ወደ ገበታ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ለበሩ ያሳያል፤ እሷም እንደ ወትሮው አሳየች።

«ወይዘሮ ዘቢደር፣ እባክዎ ወደ ጎን ይቁሙ» አለ በሩ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። «ክንድዎ ላይ ያልታወቀ ሽፍታ ይታያል። ምንነቱ በምርመራ እስኪታወቅ ምግብዎ ወደ ክፍልዎ ይላካል። እግዜር ይማርዎ።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሁልጊዜ አጠገቧ የምትቀመጠው የዘመናት የገበታ ጓደኛዋ ሎሚ ሮጣ መጣችና ልትይዛት እጇን ዘረጋች። የዘቢደርን ክርን ስታይ እጇን መለሰች።

«ምንድን ነው ይሄ ዘቢዬ?»

«እኔ እንጃ። ያሳክከኛል።»

«እከክ ይሆን እንዴ?» አለ ከሰልፉ አንድ ሰው፣ ቀስ ብሎ ያወራ መስሎት። ሰልፉ ራሱን ከእሷ አርቆ እንደገና ተሠራ። ሎሚ ወደ ውስጥ ገባች፤ ከመግባቷ በፊት «ፌጦ ቀቢው እሺ? እኔ መጥቼ አይሻለሁ» አለቻት።

ዘቢደር በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። የተቀበለቻት ሲስተር ሜቲ የምትባል ወጣት ነርስ ነበረች። የጣቶቿን መሃል አየች፣ ክርኗን አየች፣ ጉልበቷን አየች፣ ፀጉሯን ገልጣ ማጅራቷን አየች።

«እከክ አይመስለኝም» አለች። «ሆድዎንስ? ይነፋዎታል?»

«ሆዴማ ዕድሜዬን ሙሉ ሲነፋኝ ነው የኖረው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።»

ሲስተር ሜቲ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች። «ሴሊያክ የሚባል ሕመም አለ። ስንዴ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ የአንዳንድ ሰው ሰውነት እሱን እንደ ጠላት ያየዋል። አንጀቱን ያቆስላል። በአንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ በቆዳ ይወጣል፣ ልክ እንደዚህ። ግን እርግጠኛ የምንሆነው ስንመረምር ነው። ደም እንወስዳለን፣ ከቆዳዎም ትንሽ እንቆርጣለን። ወረፋው ረጅም ነው።»

«እና እስከዚያ ስንዴ ልተው?»

«አይተዉ! ዳቦውን አያቋርጡ። ስንዴ ካቆሙ ምልክቱ ከደምዎም ከቆዳዎም ይጠፋል። መርማሪው ምንም አያገኝም፤ ጤነኛ ነዎት ይልዎታል። ጤነኛ ከሆኑ ደግሞ ለሕሙማን የሚሰጠው ጤፍ አይፈቀድልዎም፤ በከተማው ውስጥ ሌላ የሚበሉት እህል የለም።»

ዘቢደር ክርኗን በመዳፏ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። «የሚያሳክከኝን ነገር እየበላሁ ልጠብቅ ነው የምትይኝ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አዎ።»

«በሩስ? እከክ አይደለም ብለሽ ለበሩ አትነግሪልኝም?»

ነርሷ አፈረች። «በሩ እኔን አይሰማም። በሩ የሚሰማው ውጤት ብቻ ነው። ውጤቱ ሲመጣ፣ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ሲያውቅ ይከፍትልዎታል።»

ዘቢደር ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዛ የሄደችው ይችን የመጨረሻዋን ቃል ነበር። ይከፈትልኛል፣ አለች በልቧ። እችላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ምግቧን የሚያመጣላት በጎማ የሚሄድ ትንሽ ጋሪ ሆነ። ጠዋት፣ ምሳና እራት በሯን ያንኳኳል፣ ይገባል፣ ሳህኑን ከፍ አድርጎ «መልካም ምግብ» ይላል፣ ጨርሳ ሳህኑን እስክትመልስለት ቆሞ ይጠብቃል። መጀመሪያ ሰሞን ታናግረው ነበር። «ዛሬ ወጡ ጨው በዝቶበታል» ትለዋለች። «መልካም ምግብ» ይላታል። እያደር መናገሯን ተወች።

ዳቦው ትኩስ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሽታው ያስጎመጃል። በላችው ማለት ግን ነገ ደግሞ አዲስ እብጠት ማለት ነው። ስትጎርስ ጉልበቷ የሚያሳክካት ይመስላታል። ጥፍሯን ከሥሩ ቆረጠች፤ ከዚያ በጨርቅ ማከክ ጀመረች፤ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ። ክርኗን ቀዝቃዛው የመስኮት መስታወት ላይ አስደግፋ ኮምባይነሮቿን ትጠብቃለች። አንዳንዴ ማሳከኩ ሲበረታባት አንዱ ኮምባይነር ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲጮህ አትሰማውም።

ክፍሏ ከገበታ ቤቱ በላይ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አግዳሚዎቹ ሲጎተቱ፣ ሰው ሲስቅ፣ ማንኪያ ሲንኳኳ ከእግሯ ሥር ይሰማታል። የሎሚን ሳቅ ከሌላው ለይታ ታውቀዋለች። ሎሚ መጀመሪያ ሰሞን እየመጣች ከበሩ ውጭ ቆማ ታወራት ነበር፤ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ የማን ልጅ እንዳገባች። በኋላ መምጣቱን ትታ በስልክ አደረገችው። ከዚያ ስልኩም አጠረ።

«ተሻለሽ ዘቢዬ?»

«ገና ነኝ።»

«አይዞሽ፣ እሺ? ኧረ እየጠሩኝ ነው።»

ከዚያም ቀረ። ዘቢደር አልተቀየመቻትም፤ ስለ በሽታ ብቻ ከምታወራ ሰው ጋር ምን ይወራል? ሆኖም ምሳ ሰዓት ሲደርስ የስክሪኑን ድምፅ ከፍ ማድረግ ጀመረች፤ የሚሰማው ግን የስንዴ መታጨድ ድምፅ ነው።

ጤና ጣቢያው ምርመራ ለሚጠብቁ ሰዎች የከፈተው የስልክ መስመር አለ። ከሰዓት በኋላ ይከፈታል፣ ወረፋው የት እንደ ደረሰ ይናገራል፤ የሚጠብቁት ሰዎችም የሚፈልግ ካለ እርስ በርሳቸው ሊያወሩ ይችላሉ። አብዛኛው ሰው ወረፋውን ሰምቶ ይዘጋል። አንድ ቀን ዘቢደር ልትዘጋ ስትል አንድ የሽማግሌ ድምፅ ሰማች።

«ሰው አለ? ወይስ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው?»

«አለሁ» አለች።

«ተመስገን። ምንሽን ነው የሚያሳክክሽ?»

ዘቢደር ሳታስበው ሳቀች። ከሳቀች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። «ክርኔን። ጉልበቴን። ደግሞ የማይነገር ቦታ።»

«እኔም የማይነገረው ቦታ ነው ያስቸገረኝ» አለ ሽማግሌው። «ቀሚስ የለበሰች ሴት ዘወር ብላ ታካለች። ሱሪ የለበሰ ወንድ ምን ያድርግ?»

ጋሽ በዳሳ ይባላል። ሰው አውቶቡስ በሚነዳበት ዘመን ከአዳማ አሰላ የሚመላለስ ሹፌር ነበር። የሚኖረው በድሮው መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ነው። እሱንም የእሱ ሕንፃ በር ከገበታ አስወጥቶታል፤ እሱም እንደ እሷ ሴሊያክ ይሆናል ተብሎ ወረፋ ይዟል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ መስመሩ ሲከፈት ይጠባበቃሉ። እሱ ስለ መንገዱ ያወራላታል፤ ዴራ ላይ ስለሚሳፈሩ ሻጮች፣ ዝናብ ሲመጣ ስለሚያረጥበው መስታወት፣ ረዳቱ ከደረጃው ተንጠልጥሎ ስለሚጣራው ጥሪ። እሷ ስለ ኮምባይነሮቿ ትነግረዋለች። መልኩን አይታ አታውቅም፤ እሱም አላያትም። ያም ሆኖ መስመሩ የሚከፈትበት ሰዓት ሲቃረብ ፀጉሯን ታበጥር ነበር።

አንድ ቀን የጋሽ በዳሳ ድምፅ ከወትሮው የቀለለ መሰላት።

«ደህና ዋሉ ጋሼ? ዛሬ ደስ ብሎዎታል።»

«ማሳከኩ እየተወኝ ነው። አልነገርኩሽም፤ ዳቦውን ከተውሁ ሰነበትሁ። ለርግብ በመስኮት እሰጠዋለሁ። ድንቹንና ምስሩን ብቻ ነው የምበላው።»

ዘቢደር ደነገጠች። «ጋሼ! ምርመራው ምንም አያገኝም ብለውናል እኮ!»

«አውቃለሁ እቴ። ግን እኔ ሽማግሌ ነኝ። ስንት ዓመት ቀርቶኝ ነው ቆዳዬን እየቧጨርሁ የምኖረው? ትናንት ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለሽ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ የዋልሁት።»

«እባክዎን መልሰው ይብሉ። ወረፋው እኮ ቀርቧል።»

«እሺ» አላት። እሺ ያለው ግን ነገሩን ለማብረድ እንደ ሆነ ገባት።

ጥቂት ቆይቶ ወረፋው ለጋሽ በዳሳ ደረሰ። ተመርምሬ መጣሁ አላት፤ ትንሽ ቆረሱኝ፣ አላመመኝም አላት። ከዚያ በኋላ ግን መስመሩ ሲከፈት ድምፁ የለም። ስሙን ጠራች። መልስ የሰጣት መስመሩ ራሱ ነበር፤ «የአቶ በዳሳ ወረፋ አልቋል» አላት። ውጤቱ ምን እንደ ሆነ ብትጠይቅ የሰው ውጤት አይነገርም አላት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ቆየች። ሌሎች ሰዎች እየገቡ ወረፋቸውን እየሰሙ ወጡ። ማንም አላወራም።

ያ ሰሞን ከሁሉ የከፋው ነበር። ማጅራቷ ቆስሎ ትራስ አላስነካ አላት። አንድ ጠዋት ጋሪው ዳቦውን አምጥቶ «መልካም ምግብ» ሲላት ዳቦውን አንሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። መስኮቱን ከፈተችው። ከታች የከተማው ጣሪያዎች፣ ከጣሪያዎቹ ማዶ እስከ ዓይን ማለቂያ ወርቃማ ስንዴ። አንዲት ርግብ ጠርዙ ላይ መጥታ ቆማ አንገቷን አዘንብላ አየቻት።

ከእግሯ ሥር፣ ከገበታ ቤቱ፣ የቁርስ ሰዎች አግዳሚ ሲጎትቱ ተሰማት። የሎሚ ሳቅ ተሰማት።

ዘቢደር መስኮቱን ዘጋች። ቆማ፣ ጀርባዋን ለጋሪው ሰጥታ፣ ዳቦውን እስከ መጨረሻው በላችው። እንባዋ እየወረደ ከዳቦው ጋር አብራ ዋጠችው።

ወረፋዋ ሲደርስ ሲስተር ሜቲ ደም ወሰደችላት። ከዚያ ክንዷን አደንዝዛ ትንሽ ቆዳ ቆረጠች፤ ከሽፍታው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ካለው ጤነኛ ከሚመስለው ቆዳ። «ምልክቱ የሚገኘው እዚህ ነው» አለቻት። ውጤቱ ሲመጣም በስክሪን ከመላክ ይልቅ እራሷ ጠርታ ነገረቻት።

«ሴሊያክ ነው። ተገኘ። ማሳከኩን የሚያቆም ኪኒን እሰጥዎታለሁ፤ በጥቂት ቀን ይቀልዎታል፤ ግን በየጊዜው ደምዎን እናያለን። ከዛሬ ጀምሮ ስንዴ የለም። ጤፍ ይላክልዎታል።»

ዘቢደር እንደ ሠርገኛ ተነሣች። «ገበታ እገባለሁ አይደል?»

«በሩ ይከፍትልዎታል» አለች ነርሷ። ቀጥላ የምትናገረው ነገር ከብዷት ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች። «ግን እትዬ ዘቢደር፣ እዚያ ገበታ ላይ መብላት አይችሉም። ዳቦው ይፈረፈራል፣ በዳቦ ነው ወጡ የሚጠቀሰው፣ እጁ ሁሉ ስንዴ ነው። ትንሽ ፍርፋሪ እንኳ ይበቃል። ምግብዎ ለብቻው፣ ሳህንዎ ለብቻው መሆን አለበት።»

«እስከ መቼ?»

«ለሁልጊዜ።»

ዘቢደር መልሳ ተቀመጠች። «አልነገርሽኝም እኮ» አለች ያለ ቁጣ።

«ነግሬዎት ቢሆን ዳቦውን ባልበሉ ነበር።»

ይህ እውነት ነበር።

ማሳከኩ ቆመ። በሩም ተከፈተ፤ «እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ ዘቢደር» አላት። ሎሚ አቅፋ ሳመቻት፣ አለቀሰችም። ሰዎቹ ደግ ነበሩ። ሕመሙን ሲሰሙ ዳቦውን ከፊቷ አነሡ፣ ፍርፋሪውን በእጃቸው ጠረጉ፣ ከዚያ ይሻላል ብለው ከግድግዳው አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አቀረቡላት። በክዳን የታሸገ እንጀራዋን ይዛ እዚያ ተቀመጠች። ሎሚ ከረጅሙ ገበታ ዞር እያለች ታወራት ነበር፤ አንገቷ ሲደክማት ወደ ጎረቤቷ ዞረች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዘቢደር እንደገና ክፍሏ ውስጥ መብላት ጀመረች። ማሳከኩ በነበረ ጊዜ ብቸኝነቱን ሸፍኖላት እንደ ነበር ያወቀችው ያኔ ነው። አሁን የምታክከው እንኳ የላትም።

አንድ ቀን ምሳዋ መጥቶላት ሳትከፍተው ቆየች። ተነሣች፣ ምግቡን እንደ ታሸገ በዘንቢል ያዘች፣ ኮምባይነሮቹን አቆመቻቸው፣ ወጣች። በመንገድ ላይ አውቶቡሶቹ ያለ ሹፌር በዝምታ ያልፋሉ። የድሮውን መናኸሪያ ጠይቃ አገኘችው፤ ፊት ለፊቱ ወዳለው ሕንፃ ገባች።

«የአቶ በዳሳ እንግዳ ነኝ» አለችው በሩን።

እጇን አየ። «ይግቡ» አላት።

ገበታ ቤቱ ከእሷው ገበታ ቤት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ማንን እንደምትፈልግ ግን አልጠፋትም፤ ድምፁን ሰማችው። አንድ አጭር፣ ራሰ በራ ሽማግሌ በሰዎች መካከል ተቀምጦ ስለ አንድ የአውቶቡስ ተሳፋሪ እያወራ ነው፤ ዙሪያው ያሉት ይስቃሉ። ቀኑ ሞቃት ቢሆንም ወፍራም ረጅም እጅጌ ሹራብ ለብሷል። እያወራ በቀኝ እጁ ዳቦ ይቆርሳል፤ ግራ ክርኑን ከጠረጴዛው ሥር ከጉልበቱ ጋር ያፋትጋል።

«ጋሼ» አለች ከጎኑ ቆማ።

ወሬውን አቋረጠ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ድምጿን መልሶ የሚሰማው ይመስል። ከዚያ ገለጠው። «ዘቢደር ነሽ?»

ቦታ ለቀቀላት፤ አግዳሚው ጠባብ ቢሆንም ከጫፉ ተቀመጠች። «ውጤትዎ ምን አለ?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ንጹሕ። ጤነኛ ነህ አሉኝ» አለ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሩ ውጤቱን አምኖ ከዚያ ወዲህ እጄን አይመረምርም። ዳቦ ጀመርሁ፣ ያው ነገር ተመለሰ።»

«እንደገና ይመርመሩ እንጂ!»

«ልመርመር ብል ደግሞ ከዚህ እወጣለሁ» አለና በአገጩ ገበታውን አሳያት። «ያንን ክፍል አውቀዋለሁ እቴ። ብቻዬን ደህና ከምሆን፣ ከሰው ጋር እያከክሁ ብኖር ይሻለኛል። አንቺስ? ዳንሽ?»

«ዳንሁ» አለች። በክዳን የታሸገውን ምሳዋን ከፈተችው። የጤፍ ሽታ ሲወጣ አንድ ሁለት ሰው ዞሮ አየ።

ጋሽ በዳሳ እንግዳ ተቀባይ ሰው ነው። ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ሳያጎርስ አያውቅም። ምን እንደሚያደርግ ሳያስበው ዳቦ ቆረሰ፣ ወጥ ጠቀሰበት፣ ወደ አፏ አቀረበው። ገበታው ሁሉ ፈገግ ብሎ ያያል። ጉርሻ አይመለስም። ዘቢደር ከከንፈሯ ጋር ያለውን ዳቦ አየች። ወራት ሙሉ ማንም አላጎረሳትም። አፏን ልትከፍት ምንም አልቀራትም ነበር።

ክንዱን ቀስ ብላ ያዘች።

«ጋሼ፣ ዳቦ አልችልም። እጅዎን ታጥበው ከእኔው ያጉርሱኝ።»

ጋሽ በዳሳ የያዘውን ጉርሻ አየ፣ እሷን አየ። ቁራሹን ሳህኑ ላይ መለሰ። ተነሥቶ ግድግዳው ጋ ወዳለው የእጅ መታጠቢያ ሄደ። ቧንቧውን ከፈተ። ጥቂት ቆመ። ከዚያ ሹራቡን መጀመሪያ በቀኙ፣ ቀጥሎ በግራው እስከ ክርኑ በላይ ሰበሰበው።

ሁሉም አየ። ክርኖቹ ቀልተው፣ ቆስለው፣ አንዳንዱ ቦታ ደርቆ አንዳንዱ ገና ውሃ ቋጥሮ ነበር። አንዲት ሴት «ውይ» አለች። ጋሽ በዳሳ አልዞረም። ሳሙናውን አንሥቶ ከጣቱ እስከ ክርኑ አረፋ አድርጎ አሸው፣ በጥፍሩ ሥር ሁሉ እያዳረሰ፣ ቸኩሎ ሳይሆን እንደ ሐኪም። አለቀለቀው። እጅጌውን ሳይመልስ፣ ውሃው ከክርኑ እየተንጠባጠበ ተመልሶ መጣ።

ከእንጀራዋ ቆረሰ፣ ወጥ ጠቅልሎ አጎረሳት። «አንድ ያጣላል» አለና ደገማት። አፏ ሙሉ ስለ ነበር መናገር አልቻለችም። እሷም ቆርሳ አጎረሰችው፤ ጤፍ ከቀመሰ ብዙ ዓመት የሆነው ሽማግሌ ረጅም ጊዜ አኘከ።

በወዲያ ጎኑ ተቀምጦ የነበረው ሰውዬ ሳህኑን ይዞ ተነሣና ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ጋሽ በዳሳ ወደ ተለቀቀው ቦታ ፈቀቅ አለላት፤ ዘቢደርም ከአግዳሚው ጫፍ ወደ መሃል ገብታ ተደላድላ ተቀመጠች።